የእንጆሪው ግቢ ልጅ፦ ጆን ሌነን

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ማውጣት ልማዳችን ነው። ዘንድሮ ዘፋኝ መርጠናል፤ የቢትልሱን ጆን ሌነን። ወጣቶቻችን ዘፈኖቹን በጆሮ ማዳመጫቸው ይሰማሉ፣ ፊቱንም ከቲሸርት ላይ ያውቁታል። ወላጆች ግን ይሄ ፈረንጅ ለኛ ምናችን ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ይህ ሰው እናትም አባትም እያሉት በአክስት ቤት ያደገ ልጅ ነው። ከሠራቸው ዘፈኖች መካከል እውነተኛ ናቸው ብሎ ከሚቆጥራቸው ጥቂቶች አንዱም፣ ወላጅ ያልነበራቸው ልጆች ይኖሩበት ስለነበረ፣ እሱም በበጋ ቀናት ይቦርቅበት ስለነበረ አንድ ግቢ ነው። ዝናውን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ቶሎ እናልፈዋለን። ረዘም አድርገን የምንቆየው እዚያ ግቢ አጥር ሥር ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጆን ኦክቶበር 9 ቀን 1940 እንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር፤ የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ይደበድቡ ነበር። በጠቅላይ ሚኒስትሩ በቸርችል ስም ዊንስተን የሚል ሁለተኛ ስም ወጣለት። አባቱ አልፍሬድ መርከበኛ ነበር፤ አንዴ ባሕር ላይ ከወጣ ለወራት ደብዛው አይገኝም። እናቱ ጁሊያ ሣቂታ፣ ተጫዋች፣ ባንጆ የምትመታ ሴት ነበረች። ትዳሩ አልጸናም። ጁሊያ ከሌላ ሰው ጋር መኖር ስትጀምር ታላቅ እህቷ ሚሚ ነገሩ አላማራትም። ለከተማው የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞች አመለከተች፤ በመጨረሻም ልጁን ራሷ ወስዳ ማሳደግ ጀመረች። ሚሚና ባሏ ጆርጅ የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም።

በ1946 ክረምቱ አልፎ ሙቀቱ ሲገባ አባትየው ድንገት ብቅ አለና ልጁን ብላክፑል ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ይዞት ሄደ። ሐሳቡ ወደ ኒውዚላንድ ይዞት ሊሰደድ ነበር። ጁሊያ ተከትላ ደረሰችና ልጁን ወደ ሊቨርፑል መለሰችው። ያኔ ገና 5 ዓመቱ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ መካከል ላይ አቁመው ከእናትህና ከአባትህ ማንን ትመርጣለህ ብለው ጠየቁት የሚል ታሪክ ተደጋግሞ ይነገራል፤ በኋላ ነገሩን ያጣሩ ጸሐፊዎች ግን እንዲያ አልነበረም ይላሉ። የሆነው ሆኖ እናትየው ልጁን ከአባቱ ወሰደችው እንጂ ቤቷ አላስቀመጠችውም። ተመልሶ አክስቱ ዘንድ ገባ። አባቱን እንደገና ያየው አድጎ ታዋቂ ከሆነ በኋላ ነው።

የአክስቱ ቤት ዉልተን በሚባል ደህና ሰፈር፣ ሜንላቭ ጎዳና ላይ ነበር። አትክልት ያለው፣ ንጹሕ፣ መጽሐፍ የሞላበት ቤት። አጎቱ ጆርጅ ጋዜጣ ይዞ ከጎኑ እያስቀመጠ ማንበብ አስተማረው። ሚሚ ቆፍጣና ናት፤ ንግግሩን ታርማለች፣ ጓደኛ ትመርጥለታለች፣ ሰዓት አሳልፎ ቢመጣ አትምረውም። ልጁ ያልተራበ፣ ያልታረዘ፣ የተወደደ ልጅ ነበር። በኛ ማኅበረሰብ ልጅን አክስት ወይም አያት ቢያሳድገው ብርቅ አይደለም። ከወላጅ ተነጥሎ በሱዳን በኩል መጥቶ በፕኒሚያ ያደገም ከመካከላችን ብዙ አለ። ስለዚህ አንባቢ የሚገባው ይመስለናል፦ ቤትም ምግብም ፍቅርም ኖሮ አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይቀራል። እናቴ እዚሁ ከተማ ውስጥ እየኖረች እኔ ለምን እዚህ ነኝ?

ከአክስቱ ቤት በእግር ጥቂት ደቂቃ ያህል ሄደው ቢከንስፊልድ መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ግቢ አለ። ስሙ ስትሮቤሪ ፊልድ ነው፤ የእንጆሪ ማሳ ማለት ነው፣ ልጆቻችን ቱት የሚሉት ፍሬ። ድሮ የሀብታም ሰው መኖሪያ የነበረ የድንጋይ ቤት ነው፣ ዙሪያውን ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር። ሳልቬሽን አርሚ የሚባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ቤቱን ወስዶ ከ1936 ጀምሮ የሕፃናት ማሳደጊያ አደረገው። ወላጅ የሌላቸው ወይም ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ልጆች ይኖሩበት ነበር። በሩ ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት በር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወቅቱ አንድ ነገር እንበል። ወላጆቻችን ሐምሌና ነሐሴ ሲባል ትዝ የሚላቸው ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው። በሊቨርፑል ግን ዓመቱን ሙሉ ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ይከርምና ፀሐይ የምትታየው በነዚህ ወራት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቀኑ ይረዝማል፣ ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ አይጨልምም። ማሳደጊያው በየዓመቱ በዚያ ወቅት በሩን ለሰፈሩ ሰው ከፍቶ በግቢው ሣር ላይ ባዛር ያዘጋጅ ነበር። ኬክ ይሸጣል፣ ጨዋታ አለ፣ የሳልቬሽን አርሚ የሙዚቃ ጓድ ደንብ ልብሱን ለብሶ የነሐስ መለከቱን ይነፋል። አክስቱ በኋላ እንዳወራችው፣ ጆን የመለከቱ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማው መቀመጥ ያቅተዋል፤ ቶሎ በይ እንዳይቀርብን እያለ እጇን ይጎትታል። ዛሬ ልጆቻችን ካይታና ሊሄዱ ጠዋት በር ላይ እንደሚዘሉት ማለት ነው።

ባዛሩ በዓመት አንድ ቀን ነው። በቀሪዎቹ ቀናት ጆንና የሰፈር ጓደኞቹ የሚገቡት አጥር ዘለው ነበር። ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ይደበቃሉ። ሚሚ የሰው ግቢ ነውና አትግባ ትለዋለች፤ እሱ ይገባል።

ልጁ እዚያ ምን ፈልጎ ነበር? ቤቱ አትክልት አለ፤ አካባቢው መናፈሻ ሞልቷል። እኛ ስናስበው ያ ግቢ ከሌላው የሚለየው በሚኖሩበት ልጆች ነው። ሌላው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ማታ እናትና አባቱ ዘንድ ይገባል፤ የዚህ ግቢ ልጆች ግን አይገቡም። ጆን ከሁለቱም ወገን አልነበረም። አክስት ስላገኘ እንጂ እሱም በዚያ ቀይ በር ሊገባ ይችል ነበር። ይህን በቃል ተናግሮት አያውቅ ይሆናል፤ አጥሩን ግን በየጊዜው ይዘል ነበር።

በ1955 አጎቱ ጆርጅ ድንገት ታሞ ሞተ። በዚያው ዘመን ጆን ከእናቱ ጋር እንደገና ተቀራረበ። የእናቱ ቤት ለካ ሩቅ አልነበረም። ጁሊያ እንደ እናት ሳይሆን እንደ ታላቅ እህት ትቀበለው ነበር፤ ሙዚቃ ትከፍታለች፣ ትደንሳለች፣ ባንጆ እንዴት እንደሚመታ ታሳየዋለች። ጊታር ሲይዝ መጀመሪያ የተጫወተው እናቱ ባስተማረችው በባንጆ አያያዝ ነው። ሚሚ ጊታሩን እንደ ቀልድ ነው ያየችው። በትምህርቱ ደካማ ነበር፣ አስተማሪዎችን ያስመርር ነበር። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ኳሪመን የሚባል ባንድ አቋቋመ።

ጁላይ 6 ቀን 1957 ባንዱ እዚያው ዉልተን ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተጫወተ። ያም የበጋ ባዛር ነው፣ ያም የሰፈር ሰው የተሰበሰበበት። በዚያ ቀን አንድ የ15 ዓመት ልጅ አስተዋወቁት፤ ፖል ማካርትኒ ይባላል። ፖል ጊታር አንሥቶ ሲጫወት ጆን ከራሱ የተሻለ መሆኑን አየ። ባንዱ የሱ ነው፣ አለቃው እሱ ነው፣ ይህን ልጅ ቢያስገባ ሊበልጠው ነው። ጥቂት ቀን አስቦበት አስገባው። ፖል ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ በፊት እናቱን በካንሰር አጥቶ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ ጁላይ 15 ቀን 1958፣ ጁሊያ እህቷን ሚሚን ልትጠይቅ መጥታ አምሽታ ወጣች። ሜንላቭ ጎዳናን ስትሻገር መኪና ገጫትና ሞተች። ሹፌሩ ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረ ፖሊስ ነው። ጆን 17 ዓመቱ ነበር። እናቱን ሁለት ጊዜ አጣት፤ አንዴ በሕይወቷ፣ አንዴ በሞቷ፤ የሁለተኛው የደረሰበት ደግሞ ገና ሊያውቃት ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቁጡና ተሳዳቢ ሆነ፤ ይጠጣል፣ ይደባደባል። በወጣትነቱ ሴት ይመታ እንደነበረ ራሱ በኋላ አምኗል። ይህን የምንጽፈው ስሙን ለማጉደፍ አይደለም፤ ግን ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ መተረክ አያምርም።

ዝናው እንዲህ ሆነ። ባንዱ ስሙን ቀይሮ ቢትልስ ተባለ፤ ጀርመን ሃምቡርግ ሄዶ በምሽት ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ እየተጫወተ በሰለ። ሊቨርፑል ውስጥ የሸክላ ሱቅ የሚያስተዳድር ብሪያን ኤፕስታይን የሚባል የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ አያቸውና ሥራ አስኪያጃቸው ሆነ፤ የሙዚቃ ኩባንያዎች እምቢ ሲሏቸው በር እያንኳኳ ያስቀዳቸው እሱ ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በኦክቶበር 1962 ወጣ። በፌብሩዋሪ 1964 አሜሪካ በቴሌቪዥን ሲታዩ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አያቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ እስራኤልም ሊመጡ ታስቦ ነበር፤ የመንግሥት ኮሚቴ ስላልፈቀደ ቀረ። ፖል ብቻውን በ2008 መጥቶ ቴል አቪቭ፣ ፓርክ ሃያርኮን ውስጥ ዘፍኗል። ጆን ያኔ አልነበረም።

በ1966 ነገሩ ሁሉ ሰለቻቸው። መድረክ ላይ ሲወጡ ሕዝቡ ስለሚጮህ የራሳቸውን ድምፅ እንኳ አይሰሙም። በዚያ ላይ ጆን ስለ ሃይማኖት የተናገረው ነገር አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ቁጣ ቀስቅሶ ሸክላዎቻቸውን የሚያቃጥል ሰው ሁሉ ተነሥቶ ነበር። ኦገስት 29 ቀን 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን አደረጉና መድረክ ተዉ። እያንዳንዱ ወደየፊናው ሄደ። ጆን በአንድ ፊልም ላይ ወታደር ሆኖ ሊሠራ ወደ ደቡብ ስፔን፣ አልሜሪያ ተጓዘ። ጸጉሩን ተቆረጠ፤ ዛሬ በየፎቶው የምናውቀውን ክብ መነጽርም ያኔ አደረገ።

ፊልም የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ሥራው ጥበቃ ነው። ካሜራ እስኪስተካከል፣ ፀሐይ እስክትወጣ፣ ተራ እስኪደርስ። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ባንድ ውስጥ የኖረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ቀረ። ባንዱ ቢፈርስ ምን እሆናለሁ የሚል ስጋት ያዘው። 26 ዓመት የሞላው እዚያው ነው። በዚያ ደረቅና ሞቃት አገር ጊታሩን ይዞ ተቀምጦ አንድ ዘፈን ጀመረ፤ ሳምንታት ፈጀበት። ያን ያህል ሀብትና ዝና ይዞ፣ ዓለምን ዞሮ፣ ልቡ የሄደው ግን ወደ ቢከንስፊልድ መንገድ ነው። ለስሙ አንድ የብዙ ቁጥር ፊደል ጨምሮ ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር አለው፤ የእንጆሪ ማሳዎች ለዘላለም እንደማለት።

ዘፈኑን የሰማ ሰው ስለ ባዛሩ፣ ስለ ኬኩ፣ ስለ መለከቱ ጠብቆ ከሆነ አያገኘውም። ስለ ወላጅ አልባ ልጆችም አንድ ቃል የለም። የሚሰማው ግራ የተጋባ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ይጀምርና ይተወዋል፣ እርግጠኛ ነኝ ብሎ ወዲያው ይጠራጠራል። ጆን በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላው የማያየው ነገር የሚታየው ይመስለው እንደነበረ፣ ስለዚህም ወይ እብድ ወይ ሊቅ ነኝ እያለ ይጨነቅ እንደነበረ ገልጿል። ግቢው የዚህ ጭንቀት መሸሸጊያ ነበር ብለን እናምናለን። ደስታው እውነት ነው፤ ሐዘኑም እውነት ነው፤ ሁለቱ በአንድ አጥር ውስጥ ስለነበሩ ለይቶ መዝፈን አልቻለም።

ለንደን ሲመለስ ለጓደኞቹ በጊታር ብቻ ዘፈነላቸው። ኖቬምበር 24 ቀን 1966 ኤቢ ሮድ በሚገኘው ስቱዲዮ መቅዳት ጀመሩ፤ አንድ ወር ያህል ወሰደ። ለአንድ ዘፈን ይህን ያህል ጊዜ በዚያ ዘመን የማይታሰብ ነው፤ የመጀመሪያ አልበማቸውን አብዛኛውን ክፍል በአንድ ቀን ነበር የቀዱት። ፖል ሜሎትሮን በሚባል፣ የተቀዳ የዋሽንት ድምፅ በውስጡ ባለ መሣሪያ መግቢያውን ተጫወተ። ጆርጅ ሃሪሰን እንደ ክራር በጣት የሚነካ ስዋርማንዳል የሚባል የሕንድ መሣሪያ አመጣ። መጀመሪያ የቀዱት ለስላሳ ነበር። ጆን አልረካም፤ በትራምፔትና በቼሎ የከበደ ሌላ ቀዱ። አሁንም አልረካም። ፕሮዲዩሰራቸውን ጆርጅ ማርቲንን የመጀመሪያውን አጀማመርና የሁለተኛውን አጨራረስ እፈልጋለሁ፣ ቀጥላቸው አለው። ማርቲን ሁለቱ በፍጥነትም በድምፅ ከፍታም እንደማይገጥሙ አስረዳው። ጆን አንተ ታውቅበታለህ ብሎ ጥሎለት ሄደ።

በዚያ ጊዜ ኮምፒዩተር የለም። ማርቲንና የድምፅ ባለሙያው ጄፍ ኤመሪክ አንደኛውን ክር ትንሽ አፍጥነው፣ ሌላውን አዘግይተው ሞከሩት፤ በዕድል ገጠመ። ክሩን በመቀስ ቆርጠው አጣበቁት። ወጣቶች፣ ዘፈኑን ከፍታችሁ ልክ አንድ ደቂቃ ላይ ጆሯችሁን አቅኑ፤ ድምፁ ከበድ ብሎ ሌላ ቦታ የገባችሁ ይመስላችኋል። ስፌቱ እዚያ ነው። አንድ ዓይነት ያልሆኑ ሁለት ነገሮች ተሰፍተው አንድ መሆናቸው ለዚህ ልጅ ሕይወት ምን ያህል እንደሚስማማ ማን አሰበው? ማንም አላሰበው፤ አጋጣሚ ነው።

ሸክላው በፌብሩዋሪ 1967 ወጣ። በሌላው ገጹ ፔኒ ሌን የሚባል የፖል ዘፈን ነበር፤ እሱም የልጅነት ሊቨርፑልን የሚያስታውስ፣ ግን ብሩህና ለጆሮ ቀላል። እንግሊዝ ውስጥ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የሆነው ኤንግልበርት ሃምፐርዲንክ የሚባል ዘፋኝ የፍቅር ዘፈን ነበር። ከ1963 ጀምሮ አንደኛነት ለለመዱት ለቢትልስ ሁለተኛ መውጣት ወሬ ሆነ፤ አንዳንድ ጋዜጦች አበቃላቸው ብለው ጻፉ።

ያ በር አንዴ ከተከፈተ በኋላ ጆን ስለ ልጅነቱ መዝፈኑን አላቆመም። በ1968 በእናቱ ስም ጁሊያ የሚል ዘፈን ብቻውን በጊታር ቀዳ። በ1970 ቢትልስ ከተበተኑ በኋላ ባወጣው አልበም መክፈቻው ላይ እናትና አባቱን እየጠራ እስከ ጩኸት ይደርሳል። ያን ዘፈን እኛ ሁለት ጊዜ ማዳመጥ ከብዶናል። ከዝናው በኋላ ብቅ ካለው አባቱ ጋር ሲታረቁና ሲጣሉ ኖሩ። ሚሚን ግን አልተዋትም፤ ባሕር ዳር ቤት ገዛላት፣ አሜሪካ ሆኖም ይደውልላት ነበር።

ወላጆች በተለይ እንዲያነቡልን የምንፈልገው ቀጣዩን ነው። ጆን ከመጀመሪያ ሚስቱ ከሲንቲያ ጁሊያን የሚባል ልጅ ነበረው፤ በእናቱ ስም ነው የሰየመው። ልጁ 5 ዓመት ሲሆነው፣ ማለትም ራሱ ከአባቱ በተለየበት ዕድሜ፣ ጆን ትዳሩን ጥሎ ከጃፓናዊቷ ሠዓሊ ከዮኮ ኦኖ ጋር ሄደ። ልጁን ለማጽናናት መኪናውን አስነሥቶ የሄደው ፖል ነው፤ ሄይ ጁድ የሚባለው ዝነኛ ዘፈን የተጀመረው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ጆን ኒውዮርክ ከገባ በኋላ ጁሊያንን የሚያየው አልፎ አልፎ ነበር። መተው ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ተወው። ማወቁ አላዳነውም። ሁለተኛው ልጁ ሾን በ1975 ሲወለድ ግን ሥራውን ሁሉ አቁሞ ለአምስት ዓመት ያህል ቤት ተቀመጠ፤ ዳቦ ይጋግራል፣ ሕፃኑን ያጎርሳል። ለአንዱ የሆነው አባትነት ለሌላው አልደረሰውም፤ ጁሊያን አድጎ ይህን በግልጽ ተናግሯል።

በ1980 ወደ ሙዚቃ ተመልሶ አልበም አወጣ። ዲሴምበር 8 ቀን ማታ ከስቱዲዮ ሲመለስ ኒውዮርክ በሚገኘው ቤቱ በር ላይ በጥይት ተገደለ። 40 ዓመቱ ነበር። ሾን 5 ዓመቱ፤ ያችው ዕድሜ እንደገና።

በሞተ በ5ኛው ዓመት፣ በልደቱ ቀን ኦክቶበር 9 ቀን 1985፣ ከቤቱ ትይዩ ያለው የሴንትራል ፓርክ ክፍል ስትሮቤሪ ፊልድስ ተብሎ ተመረቀ። ሊቨርፑል ያለው የድንጋይ ቤት ግን ከዚያ በፊት፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ በአዲስ ሕንፃ ተተክቷል። ማሳደጊያው በ2005 ተዘጋ። ቀዩ በር ለብዙ ዓመት ተቆልፎ ቆየ፤ ከየአገሩ የሚመጡ ሰዎች ግንቡ ላይ ስማቸውን እየጻፉ ይመለሱ ነበር። በ2019 ሳልቬሽን አርሚ ቦታውን እንደገና ከፈተው። አሁን ጎብኚ ቲኬት ቆርጦ ይገባል፤ በግቢው ውስጥም ትምህርት የሚከብዳቸው ወጣቶች ሥራ ለመያዝ ይሠለጥናሉ። ከንግዲህ አጥር መዝለል አያስፈልግም።